የካምሻፍት ሴንሰር ኮድ ሲመጣ፦ እንቀይረው፣ እንለካው ወይስ ከተማ እንውሰዳት?

ቼክ ኢንጅን በርቷል። ጠዋት ሞተሪኖው ከወትሮው ረዘም አድርጎ ካዞረ በኋላ ነው መኪናዋ የምትነሳው። አንዳንዴ ደግሞ የትራፊክ መብራት ላይ ቆማችሁ ድንገት ትጠፋለች። ኮድ (የሞተሩ ኮምፒውተር የሚያስቀምጠውን የብልሽት ቁጥር) ያነበበላችሁ ሰው «ፒ0340 ነው፤ ካምሻፍት ሴንሰር ቀይሩ» ብሎ ያሰናብታችኋል። ብዙ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ከመሃል ከተማ ርቀን ለምንኖር ሰዎች ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ አሸዋ ሜዳ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ ያላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። መለዋወጫው ያለው ሶማሌ ተራ ነው። ጥሩ መሣሪያ ያለው ጋራዥም አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሃል ነው። መኪናዋ ካልተነሳች ጎታች መክፈል አለ። አንድ ቀን ከሥራ መቅረትም አለ። ስለዚህ መፍትሔ ስንመርጥ ዋጋውን ብቻ አናይም። ሰፈራችን ሆነን ምን ያህሉን መጨረስ እንችላለን የሚለውንም እናያለን።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ሴንሰሩ ጋ የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ ለኩ፤ ወይም አስለኩ። ሌላው ምርጫ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይቀላል።

ኮዱ ምን ይነግራችኋል?

ካምሻፍት ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው። ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንድ ጊዜ ይዞራል። የክራንክ ሴንሰሩ ፒስተኑ ላይ ጫፍ መድረሱን ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ፒስተኑ አየር እየጨመቀ ይሁን ጭስ እያስወጣ ግን አይለይም። ያንን የሚለየው የካም ሴንሰሩ ነው። ኮምፒውተሩ ነዳጁን ለየትኛው ሲሊንደር እንደሚረጭ፣ የትኛውን ካንዴላ መቼ እንደሚያቃጥል የሚወስነው ሁለቱን አጣምሮ ነው።

የካሙ ምልክት ሲጠፋ ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ጠባይ አያሳይም። አንዳንዱ ሞተር በክራንክ ሴንሰሩ ብቻ እየገመተ፣ ብዙ አዙሮ ይነሳል። ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ነዳጅ ይበላል። አንዳንዱ ጭራሽ አይነሳም። ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነበረ የሚነሳም አለ። የእንጦጦን ዳገት ወደ ሱሉልታ ወጥታችሁ ስታበቁ ጠፍታ፣ ኮፈን ከፍታችሁ ትንሽ ስትጠብቁ የምትነሳ መኪና የዚህ ዓይነቱ ምልክት አለባት።

ፒ0340 ማለት ኮምፒውተሩ ከዚህ መስመር የሚጠብቀውን ምልክት አላገኘም ማለት ነው። መስመሩ ላይ ሴንሰሩ አለ። ሶኬቱ አለ። ሁለት ወይም ሦስት ሽቦ አለ። ኃይል የሚሰጠው ፊውዝ፣ ግራውንዱ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰው መስመር)፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ራሱ ኮምፒውተሩ አለ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢበላሽም የሚመጣው ያው ኮድ ነው።

የኮዱ የመጨረሻ ቁጥር ስለሚለያይ ሙሉውን ጻፉት። ፒ0341 ከሆነ ምልክቱ ይመጣል፤ ግን አመጣጡ ትክክል አይደለም። ፒ0342 የምልክቱ ቮልቴጅ ዝቅ ብሎ ቀረ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሽቦው ከቦዲ ጋር ተነካክቷል ወይም ሴንሰሩ ውስጡ ሾርት አድርጓል። ፒ0343 ከፍ ብሎ ቀረ ማለት ነው፤ የተበጠሰ የምልክት ሽቦ ወይም የጠፋ ግራውንድ ተጠርጣሪ ነው። ፒ0344 ምልክቱ አንዴ እየመጣ አንዴ ይጠፋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ላላ ያለ ሶኬት በመጀመሪያ ይታሰባል። ፒ0016 ከመጣ ደግሞ ነገሩ ከሴንሰር ያልፋል፤ ካሙና ክራንኩ እርስ በርስ አልገጠሙም ማለት ነው። ወደዚህኛው እመለሳለሁ።

ቀጥታ መቀየር

ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህን ነው። ምክንያቱም ይገባኛል። ሴንሰሩ በብዙ መኪኖች ላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጫፍ አካባቢ በአንድ ብሎን ተይዞ ይገኛል። ለመንቀል ብዙ ጊዜ አይወስድም። ዕድል ከቀናችሁ በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

ችግሩ ዕድሉ ካልቀና ነው። አዲሱን ገጥማችሁ ኮዱ ሲመለስ ሁለት ኪሳራ ደርሶባችኋል ማለት ነው። ገንዘቡ ሄዷል፤ ብዙ ሻጭ አንዴ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመልስም። ከዚያ በላይ ደግሞ አዲሱ ሴንሰር ራሱ ጥሩ ይሁን አይሁን አታውቁም። አንድ የማይታወቅ ነገር የነበረው ሁለት ሆነ።

ሳትለኩ መቀየር የሚያዋጣባቸው ሁኔታዎች አሉ። የሴንሰሩ ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ፣ ወይም የሞተር ዘይት በሴንሰሩ ውስጥ አልፎ ሶኬቱ ውስጥ ከገባ ጥያቄ የለውም፤ ይቀየራል። ዘይቱ በጎማዋ ቀለበት በኩል ወደ ውጭ ብቻ ካፈሰሰ ግን ቀለበቷን ቀይሩ። ሴንሰሩ ደህና ሊሆን ይችላል።

አንድ በነፃ የሚሠራ ሙከራም አለ። ቪ6 ሞተርና ባለ ሁለት ቪቪቲ ሞተር ከአንድ በላይ የካም ሴንሰር አላቸው (ቪቪቲ የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ሥርዓት ነው)። ቅርጻቸውና የዕቃ ቁጥራቸው አንድ ከሆነ አቀያይሯቸው። ኮዱ ከፒ0340 ወደ ፒ0345 ወይም ወደ ፒ0365 ከተዛወረ ሴንሰሩ ነው የሞተው። ባለበት ከቀረ ሽቦው ነው፤ ወይም ካሙ ራሱ። አንድ ብር ሳይወጣ የተገኘ እርግጠኛ መልስ ነው። ባለ አንድ ሴንሰር ቪትዝ ያላችሁ ይህ ዕድል የላችሁም።

መግዛት ግድ ከሆነ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይቀርብላችኋል። አዲስ ኦርጅናል፣ አዲስ ኮፒ፣ እና ከተፈታ ሞተር የወጣ ኦርጅናል። ገንዘብ ካለ የመጀመሪያው ይሻላል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ግን እኔ ከተፈታ የወጣውን እመርጣለሁ። የኮፒው ማግኔት ደካማ ሊሆን ይችላል። የአፍንጫው ርዝመት በጥቂቱ ቢለይ እንኳ ከካሙ ጥርስ ያለው ክፍተት ይቀየራል። ያኔ ፒ0340 ጠፍቶ ፒ0341 ይመጣል፤ እናንተም ሌላ በሽታ የመጣ ይመስላችኋል። ከተፈታ የወጣው ኦርጅናል ቢያንስ ለዚያ ሞተር የተሠራ ነው። ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ ደግሞ ሱቁ በር ላይ በቴስተር ለክታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የተነቀለውን ሴንሰር ይዛችሁ ሂዱ። «የቪትዝ ካም ሴንሰር» ማለት አይበቃም። የዕቃ ቁጥሩን፣ የአፍንጫውን ርዝመትና የሶኬቱን ቅርጽ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አመሳክሩ። ሻጩንም «ወንድሜ፣ ካልሠራ ትመልስልኛለህ?» ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ እጃችን ላይ ያሉትን መኪኖች ለዓመታት ማቆየት አለብን። ደህና ዕቃ መርጦ መግጠም ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ አለው።

በስልክ ኮድ ማንበብ

የኦቢዲ ሶኬት (የመኪናዋ መመርመሪያ ሶኬት) ላይ የምትሰካውና በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኘው ትንሽ ዕቃ ብዙ አታስወጣም። ራቅ ብሎ የሚኖር ባለ መኪና ሁሉ ዳሽቦርዱ ውስጥ ቢይዛት ደስ ይለኛል። ኮዱን ራሳችሁ ታያላችሁ። ኮዱ ሲመጣ ሞተሩ ስንት ዲግሪ ሞቆ እንደነበር፣ በስንት ዙር እየሄደ እንደነበር የተቀመጠውን መረጃም ታነባላችሁ። በሙቀት ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አንሱት። ሲጠፋ ያ ሁሉ መረጃ አብሮ ይጠፋል።

አንድ ጥሩ ሙከራ ላሳያችሁ። መኪናዋ አልነሳም ካለች፣ ሞተሪኖው እያዞረ ስልኩ ላይ የሞተሩን ዙር ተመልከቱ። ከ150 እስከ 300 አካባቢ ካሳየ የክራንክ ሴንሰሩ እየሠራ ነው፤ ትኩረታችሁን ካሙ ላይ አድርጉ። ዜሮ ላይ ከቆመ ግን መጀመሪያ የሚመረመረው የክራንክ ሴንሰሩ ነው። ብዙ መኪና ላይ ያለ ክራንክ ሴንሰር ጭራሽ መነሳት የለም።

ዕቃዋ የማትችለው ነገር አለ። ሴንሰሩን ከሽቦው ለይታ አትነግራችሁም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ አሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ አትገናኝም። ሶኬቱ አለ፤ ስልኩ ግን ኮምፒውተሩን አያገኘውም። እንዲህ ሲሆን ዕቃዋ ተበላሽታለች ብላችሁ አትጣሏት። ሌላ መኪና ላይ ሞክሯት።

በቴስተር መለካት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነውና። የሚያስፈልገው አንድ ተራ ዲጂታል ቴስተር፣ ቀጭን መርፌ፣ ጥሩ ብርሃንና ትዕግሥት ነው። የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ይሠራል።

ቴስተሩን ከማብራታችሁ በፊት በዓይን እዩ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ፒኖቹን ተመልከቱ። አረንጓዴ ዝገት፣ ዘይት፣ የተጣመመ ፒን፣ የተሰበረ መያዣ ካለ እዚያው ጀምሩ። ሽቦዎቹ ትኩስ ነገር የሚነኩበትን፣ ከብረት ጋር የሚፋተጉበትን ቦታ ተከተሉ። ውጭ የምታድር መኪና ላይ አይጥ ሽቦ መብላቷ ያለ ነገር ነው። ላቫጆ ሞተሩን በኃይለኛ ውሃ ካሳጠባችሁ በኋላ የጀመረ ችግር ከሆነ ደግሞ ሶኬቱን በንፋስ አድርቁና እንደገና ሞክሩ። በክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃና ጭቃ የሶኬት ጠላቶች ናቸው። በበጋ የሰፈራችን አቧራ ተራውን ይወስዳል።

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ቪትዞች ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አስቡ። ያ ሥራ ሲሠራ የተቆረጠና የተቀጠለ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ቅጥሉ ከዓመታት በኋላ ሊላላ ይችላል። የሽቦውን ጉዞ በዳሽቦርዱ በኩልም ማየት ያስፈልጋል።

ባትሪውንም ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.4 ቮልትና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ሴንሰሩን መወንጀል ጊዜው አልደረሰም። ደካማ ባትሪ የሐሰት ኮድ ሊያመጣ ይችላል።

አሁን የሽቦዎቹን ቁጥር ቁጠሩ። አለካኩ በዚህ ይለያያል።

ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሆል ኢፌክት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ወይም እንደ እሱ ኃይል የሚፈልግ። አዳዲሶቹ ባለ ሁለት ቪቪቲ ቶዮታዎች በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሶኬቱን ከሴንሰሩ ንቀሉ። ቁልፉን አዙራችሁ የዳሽቦርዱን መብራቶች አብሩ፤ ሞተሩን ግን አታስነሱ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። በቀዩ ከሽቦው በኩል ያሉትን ፒኖች አንድ በአንድ ንኩ። አንዱ የሴንሰሩ ምግብ ነው፤ 5 ቮልት፣ በአንዳንድ መኪኖች 12 ቮልት ያሳያል። አንዱ ግራውንድ ነው፤ ዜሮ ያሳያል። ሦስተኛው የምልክት ሽቦ ነው፤ ብዙ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ 5 ቮልት ገደማ ይልክበታል። የትኛው የቱ እንደሆነ ከመኪናችሁ የሽቦ ንድፍ አረጋግጡ። በቀለም አትገምቱ።

ግራውንዱ ዜሮ ማሳየቱ ብቻውን አያሳምንም። የተበጠሰ ሽቦም ዜሮ ያሳያል። ስለዚህ ቀዩን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ግራውንዱ ፒን ላይ አድርጉ። የባትሪውን ሙሉ ቮልት ካገኛችሁ ሽቦው ይደርሳል። ከዚያ ሶኬቱን መልሳችሁ ሰክታችሁ፣ ከኋላው ቀጭን መርፌ አስገብታችሁ፣ በግራውንዱና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ለኩ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ግራውንዱ ደክሟል። የሽቦውን ላስቲክ ግን በመርፌ አትብሱት። በዚያች ቀዳዳ የክረምት እርጥበት ይገባና ሽቦውን ከውስጥ ይበላዋል።

ምግቡ ከጠፋስ? 12 ቮልት የሚፈልግ ከሆነ ፊውዙንና ሪሌዩን እዩ። 5 ቮልት የሚፈልግ ከሆነ ግን ነገሩ ይበልጥ አስገራሚ ነው። በብዙ መኪኖች ያንኑ 5 ቮልት ሌሎች ሴንሰሮችም ይካፈሉታል። ከእነሱ አንዱ ሾርት ካደረገ ሁሉም ይራባሉ፤ ብዙ ኮድ በአንዴ ይመጣል። ቴስተሩን 5 ቮልት መምጣት ያለበት ፒን ላይ ይዛችሁ የሌሎቹን ሴንሰሮች ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ። የትኛውን ስትነቅሉ 5 ቮልቱ ከተመለሰ፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ካም ሴንሰር ቀይራችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን ፈጽሞ አታገኙትም ነበር።

ምግቡም ግራውንዱም ደህና ከሆኑ ምልክቱ ይቀራል። ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያመነጩትን ኮይሎች ሶኬቶች ንቀሉ፤ በአጋጣሚ እንዳያቃጥል። ማርሹ ነፃ መሆኑን አረጋግጡ። የካም ሴንሰሩን ሶኬት እንደተሰካ፣ ቁልፉ በርቶ፣ መርፌውን የምልክት ሽቦው ላይ አድርጉና አንድ ሰው ሞተሩን በክራንኩ ብሎን ቀስ ብሎ በእጅ ያዙር። ቴስተሩ ከዜሮ ገደማ ወደ 5፣ ከ5 ወደ ዜሮ መዝለል አለበት። ከዘለለ ሴንሰሩ ይሠራል። ባለበት ከቆመ፣ ምግብና ግራውንድ እያለው ዝም ካለ፣ የምልክት ሽቦውም ካልተበጠሰ፣ አሁን ሴንሰር ግዙ። ሞተሩ ተነስቶ እየሄደ ግን በቴስተር አትፍረዱ። ምልክቱ ስለሚፈጥን የምታዩት አማካዩን ብቻ ነው።

ይህን ዓይነት ሴንሰር በኦም መለካት ምንም አይነግራችሁም። ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ነው።

ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ በኦም ይለካል። ውስጡ ማግኔትና የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ኃይል አይፈልግም፤ ካሙ ሲዞር ራሱ ያመነጫል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሠሩ ብዙ ቪትዞችና ያሪሶች እንዲህ ናቸው። ሶኬቱን ነቅላችሁ ሁለቱን የሴንሰሩ ፒኖች ለኩ። ቶዮታዎች ላይ እንደ ሞተሩ ዓይነትና ሙቀት ከ800 እስከ 3,200 ኦም ገደማ ባለው መካከል ታገኛላችሁ። የእናንተን ሞተር ትክክለኛ ቁጥር ከመመሪያው ፈልጉ። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሾርት ነው። እያንዳንዱን ፒን ከሴንሰሩ ብረት ጋርም ለኩ፤ ምንም መገናኘት የለበትም። ከዚያ ቴስተሩን የኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ሞተሪኖው ሲያዞር ተመልከቱ። ቁጥሩ መንቀሳቀስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ሴንሰሩን ንቀሉና ጫፉን እዩ። ማግኔት ስለሆነ የብረት ብናኝ ይሰበስባል፤ ጠርጋችሁ መልሱና እንደገና ለኩ።

ሽቦውን ከሶኬት እስከ ኮምፒውተሩ ለመለካት ግን መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ የኮምፒውተሩንም ሶኬት ንቀሉ። ኃይል ባለበት ሽቦ ላይ ኦም አይለካም። ከጫፍ ጫፍ 1 ኦም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ጥሩ ነው። እየለካችሁ ሽቦውን አንቀሳቅሱት፤ ቁጥሩ ከዘለለ የተደበቀውን ስብራት አገኛችሁ።

ሲሞቅ ብቻ ለምትጠፋ መኪና የፀጉር ማድረቂያ ይጠቅማል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እየሠራ ሳለ ሴንሰሩን ብቻ አሙቁት። ከጠፋ ወይም ከተንገጫገጨ ሴንሰሩ ነው። ትኩስ ሞተር ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን አይሞከርም። የሞተሩ ፋን ሳይታሰብ እንደሚነሳም አትርሱ። እጅና ሻርፕ ከአካባቢው ይራቁ።

ኤሌክትሪሺያን ሰፈር ማምጣት

ቴስተር መያዝ ካልፈለጋችሁ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። መኪናዋን ከመጎተት ሰውየውን ማምጣት ይረክሳል። ግን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይሁን። ሞተር በመፍታት የታወቀ መካኒክ ለዚህ ሥራ ላይመች ይችላል።

በስልክ ስትነጋገሩ ጥያቄያችሁ ቀጥተኛ ይሁን። «ከመቀየርህ በፊት ምግቡን፣ ግራውንዱንና ምልክቱን ለክተህ ታሳየኛለህ?» በሉት። እሺ ካለና ቁጥሩን ካሳያችሁ ደህና ሰው አግኝታችኋል። ገና ኮፈን ሳይከፈት «ሴንሰር ገዝታችሁ ጠብቁኝ» የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ። የምርመራውን ዋጋ ከጥገናው ለይታችሁ ተስማሙ። ለምርመራ የከፈላችሁት ገንዘብ ችግሩ ባይጠገንም የት እንደሆነ ካሳወቃችሁ አልባከነም። በ12 ቮልት የሙከራ አምፖል የኮምፒውተር ሽቦዎችን የሚነካካ ከሆነ ግን አስቁሙት። 5 ቮልት መስመር ላይ አምፖል ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ይችላል።

ኦሲሎስኮፕ ያለው ጋራዥ

ይህ ውዱና ሩቁ ምርጫ ነው። የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን ሌላ ነገር አይተካውም። ኦሲሎስኮፕ የካሙንና የክራንኩን ምልክት አንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ያሳያል። አንድ ጥርስ ቢጎድል፣ ምልክቱ ለቅጽበት ቢቆረጥ፣ ካሙ ወደ ኋላ ቢቀር ይታያል። ቴስተር ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ፒ0016 ከመጣ፣ ወይም ፒ0341 መጥቶ ምግቡ፣ ግራውንዱና ሶኬቱ ደህና ከሆኑ፣ ወደዚህ ሂዱ። የታይሚንግ ካቴናው ተለጥጦ ይሆናል። ቺንጊያ ከሆነ ጥርስ ዘሎ ይሆናል። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከፊት በኩል የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ ይህ ጥርጣሬ ይጠነክራል። የዘይቱንም መጠንና ንጽሕና እዩ። ቪቪቲው በዘይት ግፊት ስለሚሠራ፣ የቆሸሸ ወይም የጎደለ ዘይት ካሙን ከቦታው ያስቀረዋል። ይህን በሴንሰር ለመፍታት መሞከር ገንዘብ መጣል ነው። ካቴና የሳተ ሞተር አንዳንዱ ዓይነት ላይ ፒስተንና ቫልቭ ሊያገናኝ ስለሚችል ሳትዘገዩ አሳዩት።

ሁለት ሴንሰር ተቀይሮ ያልዳነ መኪናም ቦታው እዚህ ነው።

ከሰፈር እስከ ጋራዡ መንዳት ይቻላል ወይ? የማትጠፋና ጉልበት ብቻ ያጣች ከሆነች በዝግታ ይቻላል። መንገድ ላይ የምትጠፋ ከሆነች ግን አትንዷት፤ በተለይ ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል። የፍሬን ማገዣውም አንድ ሁለት ጊዜ ከረገጣችሁ በኋላ ይጠፋል። ከኋላ በ100 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና ያንን አያውቅም። የጎታች ዋጋ እዚህ ላይ አይቆጭም።

ታዲያ የቱን?

መኪናዋ ትነሳለች፣ ቼክ ኢንጅን ብቻ ነው የበራው ካላችሁ በስልክ ኮዱን አንብቡ፣ ሶኬቱን አጽዱ፣ በቴስተር ለኩ። ለዚህ ከሰፈር መውጣት አያስፈልግም። ጭራሽ አትነሳም ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውንና የክራንኩን ዙር እዩ፤ ከዚያ ኤሌክትሪሺያን አምጡ። ሲሞቅ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ ሴንሰሩ ዋና ተጠርጣሪ ነው። በሙቀት አረጋግጣችሁ ኦርጅናል ግዙ። ከጎርባጣ መንገድ ወይም ከዝናብ በኋላ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ግን ሽቦና ሶኬት ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ብር ለሴንሰር አታውጡ። ሁለት ሴንሰር ያለው ሞተር ካላችሁ ከሁሉም በፊት አቀያይሩ።

ሽቦ ሆኖ ከተገኘ አጠጋገኑም ይለያል። ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለዛሬ ያስነሳል። ሙቀቱና ንዝረቱ ግን ናስትሮውን ያላቅቁታል፤ በመጪው ክረምት ያው ኮድ ይመለሳል። በእርሳስ በይዱት፤ ላዩ ላይ ሲሞቅ የሚጨማደደውን ፕላስቲክ ቱቦ አልብሱት። ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር ላይ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ከተገመዱ ወይም በብረት መሸፈኛ ከተጠቀለሉ እንደነበሩ መልሷቸው። ያ ግምድ የኮይሉንና የዲናሞውን ጩኸት ለመከላከል ነው የተደረገው። የተሰበረ ሶኬት ከሆነ ከነሽቦው የተቆረጠ ሶኬት ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ቢያንስ አንድ ስንዝር ሽቦ ያለው ምረጡ፤ ለመበየድ ቦታ ይሰጣችኋል። ሥራው ሲያልቅ ኮዱን አጥፉ። አንድ ቀን ጠዋት በብርድ አስነሱ፤ በደንብ አሙቋት፤ አጥፍታችሁ ትኩስ እንዳለች መልሳችሁ አስነሱ። ከዚያ በስልኩ የተንጠለጠለ ኮድ መኖሩን እዩ። የቼክ ኢንጅን መብራት ከመብራቱ በፊት ኮዱ እዚያ ነው የሚቀመጠው።